ቡና ሲሸጥ ክራር ይቃኛል

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በርጩማዋ የጅማ ናት፣ ባለ ሦስት እግር፤ ወለሉ ቢዘምም እሷ አትንገዳገድም። ቡናው እስኪፈላ የአንድ ሳምንት ነገር ላጫውታችሁ።

ጅማ ሙዚቃ ልሰማ መጣሁ የሚል እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ «የት ነው የሚዘፈነው?» ይለኛል። አዲስ አበባ ቢሆን ደግ ጥያቄ ነው፤ የቤቱን ስም ነግሬ፣ ታክሲ አሳፍሬ እሸኘው ነበር። እዚህ ግን «የት» ብሎ የጠየቀ ሰው ሆቴሉ በረንዳ ላይ ለብቻው ቢራ ሲጠጣ ያመሻል። መጠየቅ ያለበት «መቼ» ብሎ ነው። እኔ ክራር እመታለሁ፣ ሲያስፈልግም ኪቦርድ ላይ እቀመጣለሁ። በዚህ ሥራ ጅማን፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ ሰቃን፣ ሲቀናኝም እስከ በደሌና ቦንጋ ዞሬያለሁ። በነዚህ ከተሞች ዘፈን ቋሚ አድራሻ የለውም። ቡናውን እየተከተለ ነው የሚሄደው፤ ቡናው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ዘፈኑንም አያጣውም።

እንዴት ማለት ጥሩ ነው። ቡና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መቅላት ይጀምራል። ጥቅምትና ኅዳር ለቀማ ነው፤ ደጋ ደጋው ላይ እስከ ታኅሣሥ ይገፋል። እሸቱን ለመፈልፈያ ጣቢያ የሸጠ ገንዘቡን ቶሎ ያያል። አልጋ ላይ አድርቆ ጀንፈል ያደረገው ደግሞ ዋጋ እስኪሻሻል ጆንያው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ዞሮ ዞሮ የሁለቱም ኪስ ሞቆ የሚገኘው ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ብድር ይከፈላል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ከዚያ ልጅ ይዳራል። እኛ ሦስተኛ ተራ ላይ ነን። ብድሩ ከበዛ ወይ ቆርቆሮው ከተወደደ ተራችን ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቃል።

እንግዲህ ስቁ፤ የኔን የሠርግ ዋጋ የሚቆርጠው ኒውዮርክ ነው። የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚወሰነው እዚያ ባለው ገበያ ነውና ላኪውም፣ አቅራቢውም፣ ሰብሳቢውም ዓይኑ እዚያው ነው። በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና ኒውዮርክ ውስጥ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። አብሮን የሚሠራው ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ያንን ጊዜ ሲያነሳ «ያን ዓመት ሙሽራ የገባው በቴፕ ነው» ይላል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደግሞ ያው ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ያን ወቅት ማሲንቆ የያዘ ሁሉ ሥራ አገኘ፤ መቃኘት የማይችለውም ጭምር።

ስለዚህ ሳምንታችሁን ከጥር ውስጥ ምረጡ። ከመረጣችሁ በኋላም ከሰኞ አትጀምሩ። ከሐሙስ ጀምሩ።

ሐሙስ የሕርማታ ገበያ ነው። ሐሙስነቱ የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገር ሲገዙ፣ ከከፋም ከዳውሮም ከሊሙም ከወለጋም የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኘው ሐሙስ ሕርማታ ላይ ነበር። አሞሌው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ እዚያ ይለዋወጣል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ዘልሎ ስለ ገበያው ድምቀት ብቻ ማውራት አይገባም። ዛሬ ከገበያው ዙሪያ ባጃጁ ጥሩንባውን ያንባርቃል፣ የስልክ ካርድ ሻጩ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይጮኻል፣ ከየሱቁ ሌላ ሌላ ዘፈን ይወጣል። በቀጥታ የሚዘፈን ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ቀኑን አትልፉ። ሐሙስ ቀን ዘፈን አይሰማም፤ የዘፈን ውል ነው የሚታሰረው።

እኔ ገበያ የምወጣው ክር ፍለጋ ነው ብዬ ነው። የክራር ክር ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ነው፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚሸጥ ሰው ዘንድ ይገኛል። ውፍረቱን በጣቴ እየፈተልኩ፣ በጥርሴ ይዤ እየወጠርኩ እመርጣለሁ፤ ሻጩ ዓሣ አስጋሪ እየመሰልኩት ስለ ቦዬ ውኃ ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ክሩ ሰበብ ነው። ሐሙስ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ከተማ ይገባል። ከሚመላለሱበት ቡና ቤት ቁጭ ብሎ መታየት ነው ሥራው።

አንድ ሐሙስ ከአጋሮ ወዲያ ያሉ አንድ ቡና አቅራቢ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሐጂ ናቸው። ሰላምታውን ጨርሰን፣ ከብቱንም ልጁንም ዝናቡንም ተጠያይቀን፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነገሩን አመጡት።

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት፣ ሐጂ።»

«ማሲንቆ አለ?»

«አለ።»

«ኦሮምኛውስ?»

«ከናንተው አገር ልጅ ነው የሚዘፍነው።»

«ጉራግኛስ? የልጅቷ ወገኖች ከወልቂጤ ነው የሚመጡት። አማቶቼ እጃቸውን አጣጥፈው ቢያመሹ አንተን ነው የምይዘው።»

«እናስነሳቸዋለን።»

«መጠጥ የለም። አዛን ሲል ድምፅ ይጠፋል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ዝም። ገባህ ልጄ?»

ገብቶኛል። ይህ ውል ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የአዛን ዕረፍታችን ራት የምንበላበት ነው። ቀብድ ተቀበልኩ። ገንዘቡ ጆንያ ጆንያ ይሸታል፤ ቡና ከነቆዳው ሲደርቅ የሚያመጣው እንደ ኮመጠጠ ፍሬ ያለ ሽታ አለው፣ ኪስ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ጥር ላይ በጅማ ገበያ የሚዞረው ብር ሁሉ እንዲያ ይሸታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀኑ አላለቀም። በሙስሊሙ አቆጣጠር ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማልና ሐሙስ ማታ የጁምዓ ሌሊት ነው፣ ሐድራ የሚቀመጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት። እዚህ ላይ ክራሬን ቤት አስቀምጬ ነው የምሄደው። ይህ የሥራ ቦታ አይደለም። ጫማ አውልቃችሁ፣ ቦታ በተሰጣችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቀርባል፣ ጫቱ ይቀነጠሳል፣ ከዱዓው በኋላ መሪው መንዙማውን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ድቤው ገና ሲጀምር ዝግ ያለ ነው፤ ልብ ሳትሉት ይፈጥናል። ኦሮምኛው፣ ዐረብኛው፣ አንዳንዴም አማርኛው እየተቀላቀለ ይሄዳል። በዚህ አገር መንዙማ ከጥንትም የኦሮምኛ ግጥም በዐረብኛ ፊደል እየተጻፈ የሚጠና ነው። ከቦርኖ ተነስተው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወለጋ ውስጥ ያአ ላይ ያረፉት የአልፈቂ አህመድ ኡመር ውዳሴ በጅማ ገጠር ዛሬም ይሰማል።

ለምን እሄዳለሁ? ስለ ምት። ኪቦርዱ ውስጥ ተቀርጾ የሚመጣ ምት ሁልጊዜ እኩል ነው። ሐድራ ላይ ግን መሪው ትንፋሽ ሲያጥረው ድቤው ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ሲያለቅስ ጭብጨባው ዝቅ ይላል። አጃቢነት ማለት ዘፋኙን መጠበቅ እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡ ጓደኞቼ ሌላ ቃል አላቸው። እንግዳ ከሆናችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ መቅረጽ አይገባም፣ ገንዘብ ግንባር ላይ መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ለዱዓ የሚሰጥ ካላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ከተማው ጭር ይላል። ከሰዓት በኋላ እንለማመዳለን፣ የድምፅ መሣሪያ ተከራይተን ገመድ እንፈትሻለን። ስለ ዓርብ ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነው። ጠዋት ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ አጋሮ እንወጣለን። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግራና ቀኙ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቡና ነው። ጄኔሬተሩ ከኋላ፣ ሽማግሌው ማሲንቆውን ታቅፎ ከፊት። ማሲንቆውን ለማንም አይሰጥም፤ ደጋኑን የሚያሸው ዕጣን በወረቀት ተጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። ድምፅ ስንሞክር ቤዝ የሚመታው ልጅ ሁልጊዜ የሚጀምረው በሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ነው፤ ስለ ሙላቱ ሰኞ ላይ አነሳላችኋለሁ። ሠርገኛው ከመጣ በኋላ ያንን የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው መጀመሪያ ዓሊ ቢራ ነው፤ ይኸው ከሞተ በኋላም ያለ እሱ ሠርግ አይከፈትም። ከዚያ የሃጫሉ ይመጣል፣ ወጣቶቹ ከዘፋኙ በላይ እየጮኹ ይቀበሉታል። ዘፋኛችን የዚያው አገር ልጅ ነውና ከመሐል ከተዘጋጀው ዘፈን ወጣ ብሎ የሙሽራውን አባት ማወደስ ጀመረ። ሐጂ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ጎረምሶቹ ጎትተው አወጧቸው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ማሲንቆውን አቀና፤ በአማርኛ እንዲህ ብሎ ወረወረ፦

«የዘንድሮስ ቡና ቀልቶ ቀልቶ ቀልቶ፣
አባቱን አስጨፈረ ልጁን አጋብቶ።»

ድንኳኑ ተናወጠ። ግጥሙ ረቂቅ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሐጂ ቡናቸውን በጥሩ ዋጋ እንደሸጡ ያላወቀ ጎረቤት ቢኖር በዚያች ቅጽበት አወቀ። አዝማሪ ወሬ ነጋሪም ነው። ብሩ ግንባሩ ላይ ተለጠፈ። ስለ ብሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለ 200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህ ሽልማቱ በቁጥር ቀንሷል፣ በክብደት ጨምሯል። ድሮ ባለ አስሯን አምስት ጊዜ እየተመላለሰ የሚለጥፍ ሰው እግረ መንገዱን አምስት ጊዜ ይጨፍር ነበር። አሁን አንዴ ለጥፎ ይቀመጣል። ለኪሳችን ጥሩ ነው፤ ለጭፈራው ግን አልጠቀመም። የወደቀውን የሚለቅም አንድ ልጅ እንመድባለን፣ ሲነጋ ሁላችንም ፊት ይቆጠራል።

መግሪብ ሲደርስ ሁሉን አጠፋን። ራት በላን። ከዒሻ በኋላ የወልቂጤዎቹ ገቡ፣ እኔ ኪቦርዱ ላይ ጉራግኛውን ከፈትኩ። ሐጂ ያስፈራሩኝ በከንቱ ነበር፤ አማቶቻቸው እጃቸውን ለማጣጠፍ ጊዜ አልነበራቸውም። በሴቶቹ በኩል ጓሮ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ የራሳቸው ዘፈን አላቸው፣ ለኛ ዘፈን ደንታም የላቸውም። ልብ ብላችሁ ብትሰሙ ከኛ የተሻለው እዚያ ነው፤ ነገር ግን ወንድ እንግዳ ከሆናችሁ ከአጥር ወዲህ ሆናችሁ ነው የምትሰሙት።

ሌሊት አምስት ሰዓት ግድም ጄኔሬተሩ አንቆ አንቆ ቆመ። ጨለማ። የሕዝቡ ጩኸት። ድራሙም ዝም፣ ኪቦርዱም ዝም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው ባንድ ከዕቃው የሚለየው። ክራሬን አነሳሁ፤ የሌሊቱ እርጥበት ቆዳውን አርግቦት ድምፁ ታፍኗል። ሽማግሌው ግን ቀድሞኝ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ቡና አፍዪዋ ተራምዷል። ከሰሉ ላይ ስንዝር አርቆ፣ የማሲንቆውን ፊት እያገላበጠ አሞቀው፤ በአውራ ጣቱ መታ መታ አድርጎ ሰማ፣ እንደገና አሞቀ። «አምጣ» አለኝ፣ የኔንም አሞቀልኝ። ቆዳ ሲሞቅ ይወጠራል፤ ከመጠን ካለፈ ይቀደዳል። የሚለየው ጣት ብቻ ነው። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ባቲ ላይ ቃኝተን ጀመርን። ዘፋኙ ያለ ማይክ ዘፈነ። ድምፅ ማጉያ ሲጠፋ ሰው ጠጋ ይላል፤ ጠጋ ሲል ደግሞ ይቀበላል። ጄኔሬተሩ እስኪጠገን የቆየችው ያች ግማሽ ሰዓት የዚያ ሳምንት ምርጥ ሙዚቃ ነበረች፣ ያየም የቀረጸም የለም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከድንኳኑ ኋላ፣ ብርሃኑ በማይደርስበት፣ ለለቀማ ከዳውሮ የመጡና ገና ወደ አገራቸው ያልተመለሱ ልጆች የራሳቸውን ክብ ሠርተው ይጨፍሩ ነበር። አንዱ መጥቶ «የኛን ምቱልን» አለ። ኪቦርዱ የወላይታ ምት አለው፣ የዳውሮ የለውም። ቢኖረውም የዳውሮ ኩራት ዲንካ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝሙ መለከቶች፣ እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ድምፅ እያወጣ፣ ዜማው የሚገኘው በመቀባበል ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። ያንን በአሥር ጣት ከኪቦርድ ማውጣት አልቻልኩም። ወላይትኛውን ሰጠኋቸው፣ በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ትንሽ ቆይተው ወደ ራሳቸው ጭብጨባ ተመለሱ። በጭዳ አድርጎ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ተርጫ የሚወስደው መንገድ የሚነሳው ከጅማ ነውና ዲንካን በእውነት መስማት የሚፈልግ ያንን አቅጣጫ ይያዝ።

እሑድ ማለዳ ዓይናችንን ሳንከድን ጅማ ገባን። ከተማው ሁለት ጆሮ አለው፦ ሱብሒ አዛኑ ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ቀጥሏል፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ተማሪዎቹ ከበሮ ይመጣል። ሳምንታችሁ ከጥምቀት ጋር ከገጠመ፣ ጥር 10 ታቦታቱ ሲወጡ አደባባይ መዋል ነው፤ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታው አንድ ላይ ይመጣል። እሑድ ከሰዓት የመልስ ጥሪ ይኖራል። መልስ ላይ ሰው ደክሟል፣ ጉልበት አይጠይቅም፤ ትዝታ ነው የሚያምረው። እኔም ደክሞኛል፣ ትዝታ ያለ ድካም አይመታም።

ሰኞና ማክሰኞ ማንም አይጋባም። ሰኞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤቴ ይመጣሉ፣ ክራር ሊማሩ። የሚጠይቁኝ ግን ስለ ሙላቱ ነው። የጅማ ልጅ አይደል? አዎ፣ ታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የጅማ አይደለም። ቤተሰቡ የአውሮፕላን ምሕንድስና ይማር ብሎ ዌልስ ላከው፤ ትምህርት ቤት ሆኖ መለከት ሲነፋ ልቡ ሸፈተ። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ቀጥሎ ቦስተን በርክሊ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኖ። ቫይብራፎንን እዚያ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን ሥራ አሳተመ። የኔን ሠርግ ዋጋ የምትቆርጠው ያችው ኒውዮርክ፣ ልብ በሉ። አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ሲመጣ ያስተናገደው ሙላቱ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም አራተኛው ቅጽ፣ በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ዜማዎቹን ለዓለም ጆሮ አደረሰ።

ተማሪዎቹ ይህንን ሁሉ ከዩቲዩብ ከኔ በላይ ያውቁታል። የማያውቁት ሌላው ነው። ሙላቱ ሃርቫርድ በነበረ ጊዜ ክራርን ማሻሻል ላይ ሠርቷል፤ ክራር በየቅኝቱ ካልተፈታ እንደ ጊታር ከድምፅ ወደ ድምፅ መዞር አይችልምና። ይህ የምሁር ችግር ይመስላል፣ ነገር ግን የኔ የየቅዳሜው ችግር ነው። ዘፋኙ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሄድ ኪቦርዱ ቁልፍ ይቀይራል፤ እኔ ስድስት ክር ነው የምጠመዝዘው፣ ዘፋኙ ለእንግዳው ሰላምታ እስኪሰጥ ባለችው ጊዜ። ሙላቱ የደራሼን የሸምበቆ ነፊዎች ሲያደንቅ ስሰማ ደግሞ ያ የዳውሮ ልጅ ትዝ ይለኛል። እነዚህን ነፊዎች ፈልጎ መሄድና በሠርግ ሌሊት «የኛን ምቱልን» ብለው ሲመጡ መልስ ማጣት የተለያየ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ድምፅ አለው። አዲስ አበባ ልሂድ እያለ ይወጥረኛል። እኔም የጥላሁን ገሠሠን ነገር እነግረዋለሁ፤ በዚሁ በጅማ መንገድ፣ ወሊሶ አያቱ ዘንድ ሲያድግ፣ ያለ ፈቃድ በእግሩ ተነስቶ ቱሉ ቦሎ አክስቱ ቤት ደረሰ፣ መለሱት። ሁለተኛ ጊዜ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ልጁ ከዚህ ታሪክ የሚሰማው መኪናውን ብቻ ነው። እኔ የማወራለት ከዚያ በኋላ ሀገር ፍቅርና ክቡር ዘበኛ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተገራ ነው። አይሰማኝም፣ ድምፅ ያለው ልጅ ጆሮ የለውም።

ረቡዕ የጾም ቀን ነው፣ ሥጋ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሆቴሎቹ ግን የባህል ምሽት ካላቸው ይከፍታሉ። ፈረንጅ አራዳ በኩል፣ ጣሊያን በሠራቸው ቤቶች አካባቢ እየተዘዋወራችሁ ጆሮ መጣል ነው፤ የትኛው ቤት ዛሬ ዘፋኝ እንዳለው ከባጃጅ ሹፌር በላይ የሚያውቅ የለም፣ ማስታወቂያውን ከማንበብ እሱን መጠየቅ ይሻላል። ባንዱ ጠረጴዛ የጎማ ሰዎች፣ በሌላው የከፋ ሰዎች ተቀምጠው ቡና የተገኘው ጮጬ ነው፣ የለም ማንኪራ ነው እያሉ ሲከራከሩ ከሰማችሁ ዝም በሉ። እኔ ክራሬን ይዤ ከሁለቱም ጋ ተጋብዣለሁ፣ ለሁለቱም «ልክ ናችሁ» ብያለሁ፣ ሁለቱም ከፍለውኛል።

እንዲህ ነው ሳምንቱ። ይህ ግን የጥር ሳምንት ነው፤ የካቲት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ብትመጡ የምነግራችሁ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሰኞ ገባ፣ ረመዳን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ተከተለ። ቡናው ኒውዮርክ ላይ ጣሪያ በነካ በቀናት ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ድንኳን አጠፈ። በ2018 ዓ.ም.ም ሁለቱ ጾሞች ባንድ ሳምንት ገቡ። ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ ያን ጊዜ ማር ይነግዳል፣ ቤዝ የሚመታው ልጅ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ የተበጠሰ ክር እቀይራለሁ፣ ክራር ለሚማሩት አስተምራለሁ። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ጥቂት ሠርግ ይኖራል፣ ከዚያ ክረምቱ ይገባል።

ደግሞ አንድ ልለምናችሁ። ጥር ላይ ስትመጡ ባለ ሁለት መቶዋን ባንክ ቤት አዘርዝራችሁ፣ ባለ አስር አድርጋችሁ ኑ። አቦሉ ደርሷል፣ ሲኒውን ወዲህ አቀብሉኝ።